እርሳስ በላች እንዴ?

ስልኩ ሲደወል መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ አንዷን አሮጊት ጨርሼ ወደ ሁለተኛዋ ልሄድ (ሥራዬ ሆም ኼልዝ ነው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ አዛውንት ማየት)፣ ሳንድዊቼን በአንድ እጄ ይዤ። የልጆቹ ክሊኒክ ነው። እነሱ ደግሞ ቀጠሮ ለማስታወስ እንኳን ቴክስት ነው የሚልኩት እንጂ አይደውሉም፣ ስለዚህ ገና ሳላነሳው ልቤ ድንግጥ አለ። ናርሷ ረጋ ብላ "የልጅሽ የሊድ ውጤት ትንሽ ከፍ ብሏል፣ 3.9 ነው፣ የጣት ደም ስለሆነ ከክንዷ ቀድተን እናረጋግጣለን፣ እስከዛ አትደንግጪ" አለችኝ። አትደንግጪ መቼ መቼ እንደሚባል ደግሞ አውቃለሁ፣ እኔ ራሴ በሥራዬ የምለው ነገር ነው።

ፌብሯሪ 2022 ነው። ልጄ ዓመት ከሞላት ሁለት ሳምንቷ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ለአማቴ "እማማ፣ ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ አሉኝ" ስላቸው ሽሮ እያማሰሉ ነበር፣ ማማሰያውን እንደያዙ ዞሩና "እርሳስ በላች እንዴ? ያንን ልጅ እርሳስህን የትም አትጣል ስንቴ አልኩት!" አሉ፣ የታላቅ ወንድሟን የሥዕል እርሳስ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ ሳቀ፣ እኔም ሳልፈልግ ሳቅኩ። ቋንቋችን ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረትም መጻፊያውንም እርሳስ ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ መጻፊያው ውስጥ ያለው ግራፋይት ነው ሊድ የለበትም ብዬ ላስረዳ ጀመርኩና ድካሙ ስለከበደኝ ተውኩት። እሳቸው ግን የዛን ቀን ማታ ቤቱ ውስጥ ያለውን እርሳስ ከነክሬየኑ ለቅመው ፍሪጅ አናት ላይ ሰቀሉት።

ስልኩን ረስቼው ነበር ብል ይሻላል፣ ወይም ቢያንስ ከዛ በኋላ እንደመጣው ነገር አልቆየብኝም። ዓመታት አልፈው እስከ ዛሬ ያለቀቀኝ የዛኑ ቀን ማታ ያየሁት ወረቀት ነው።

## ሁለት ቁጥር

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ወንድሟም በትንሽነቱ እንደተመረመረ ትዝ አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ ልጅ አንድ ዓመቱና ሁለት ዓመቱ ላይ ለሊድ ደሙ ይታያል፣ እኔ ግን ያን ጊዜ እንደ ክትባት ነገር ቆጥሬው፣ ጣቱን ወጉት፣ አለቀሰ፣ ስቲከር ሰጡት፣ ወጣን፣ በቃ። የቤታችን ወረቀት በሙሉ ያለው አንድ ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው (ከአገር ቤት ጀምሮ እዛ ቆርቆሮ ውስጥ ብስኩት አግኝቼ አላውቅም፣ ወይ ክርና መርፌ ነው ወይ ወረቀት)፣ አወረድኩትና መፈለግ ጀመርኩ። የጋዝ ቢል፣ የቤተክርስቲያን ደረሰኝ፣ የባለቤቴ የድሮ መንጃ ፈቃድ፣ እታች አካባቢ ተገኘ።

ጃንዋሪ 2020። ስሙ፣ የልደት ቀኑ፣ ከዛ ቁጥሩ 4.2። አጠገቡ "ኖርማል" ይላል። ከስሩ በደቃቁ "ከ5 በታች"። ማንም አልደወለልኝም ያኔ፣ ሐኪሙም በቀጣዩ ቀጠሮ ስለ እንቅልፉና ስለ ጡጦው ነው ያወራን፣ ጡጦ ካላስጣልሽው ጥርሱ ይበላሻል ምናምን።

ስልኬ ላይ የእህቱን ውጤት ከፈትኩና ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። 3.9፣ በቀይ፣ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት አጠገቡ። ሒሳብ ጎበዝ አልነበርኩም ግን 4.2 ከ3.9 እንደሚበልጥ አውቃለሁ። አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አልጋው እንኳን ያው የሱ አልጋ ነው ወርዶላት የምትተኛበት። መጀመሪያ ማሽኑ ተሳስቷል አልኩ። ቀጥሎ ምናልባት ለወንድና ለሴት መለኪያው ይለያይ ይሆናል አልኩ፣ ምን ዓይነት ሐሳብ እንደሆነ አይጠይቁኝ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ከዛ ጉግል ማድረግ ጀመርኩ፣ ነገ ሥራ እንዳለብኝ እያወቅኩ፣ እና ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መልሱን አገኘሁት። በሁለቱ ልጆቼ ምርመራ መሀል መስመሩን አንቀሳቅሰውታል። ኦክቶበር 28 ቀን 2021 ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ከ5 ወደ 3.5 አወረደው።

ማነው ያወረደው ብዬ ደግሞ ቀጠልኩ። ከሲዲሲ ጀርባ አንድ አማካሪ ኮሚቴ አለ፣ የሊድ ተጋላጭነትና መከላከል አማካሪ ኮሚቴ ይባላል፣ ከአስራ አምስት የማይበልጡ ሰዎች፣ ግማሹ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ግማሹ የሕጻናት ሐኪም፣ የመርዝ ባለሙያ፣ የመሳሰለው። እነዚህ ሰዎች ሜይ 14 ቀን 2021 ተሰብስበው ወደ 3.5 ይውረድ ብለው በሙሉ ድምፅ አሳለፉ። ቀኑን ቆጠርኩት፣ ዓርብ ነው። የልጄ ክርስትና ካለፈ ገና ሳምንታት፣ እኔ ምናልባት ጡት እያጠባሁ እያንቀላፋሁ፣ እነሱ እጅ እያወጡ።

ለኛ ለሐበሾች ደግሞ ኮሚቴ ማለት የታወቀ ነው። የእድር ኮሚቴ፣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ፣ የበዓል አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ሻይ ይጠጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ የቀረው ለሚቀጥለው ይተላለፋል። አንድ ነገር ኮሚቴ ይቋቋምለት ከተባለ ሞተ ማለት ነው ይላል ባለቤቴ። እና አንድ የማላውቀው ኮሚቴ አንድ ቁጥር በአንድ ተኩል ስላወረደ የኔ ስልክ መደወሉ፣ ስላላወረደ ደግሞ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አለመደወሉ፣ ቁጭ ብዬ የምዋጠው ነገር አልሆነልኝም።

## ከክፍል ስንተኛ ወጣ

3.5 ሲባል መጀመሪያ የገባኝ ከዛ በታች ደህና፣ ከዛ በላይ መርዝ የሚል ነበር፣ እንደ ትኩሳት። እንደዛ አይደለም። ደህና የሚባል የሊድ መጠን የለም፣ ሲዲሲም የዓለም ጤና ድርጅትም በግልጽ ይላሉ። ታዲያ 3.5 ከየት መጣ? ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ የአሜሪካ ልጆች ደም በናሙና ይለካል፣ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ይደረደራል፣ ከመቶው 97.5 ላይ መስመር ይሰመራል። ከላይ የቀሩት ሁለት ተኩሎቹ "ከፍ ያለ" ይባላሉ። በቃ ይሄ ነው። ቁጥሩ በአንድ ዴሲሊትር ደም፣ አንድ የቡና ስኒ በሉት፣ ስንት ማይክሮግራም ሊድ አለ ማለት ነው፣ መስመሩ ግን የክፍል ደረጃ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ሰኔ ሰላሳ ካርድ ተቀብለን ስንገባ ቤት የምንጠየቀው አይነት፣ ስንት አመጣህ ሳይሆን ከስንት ስንተኛ ወጣህ።

እና ይሄን ስረዳ ነው የወንዱ "ኖርማል" ምን ማለት እንደነበር የገባኝ። 5 የምትለው መስመር የተሰመረችው ከ2007 እስከ 2010 በተለኩ ልጆች ነው። ልጄ በ2020 ተመዝኖ የተወዳደረው ከአስር ዓመት በፊት ከነበሩ ልጆች ጋር ነው ማለት ነው። በዛ መሀል የሌላው ልጅ ደም እየጠራ ሄዷል፣ ያረጀ ቤት ፈርሷል፣ ቧንቧ ተቀይሯል፣ የሱ ክፍል ጓደኞች ሁሉ ውጤታቸው ተሻሽሎ እሱ ግን በድሮው ካርድ አልፏል ተባለ።

የመስመሩን ታሪክ ሳይ ደግሞ ይባሱን ዞረብኝ። በ1960ዎቹ 60 ነበር። ስድሳ! ከዛ 40፣ በ1975 ወደ 30፣ በ1985 ወደ 25፣ በ1991 ወደ 10፣ በ2012 ወደ 5፣ አሁን 3.5። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ልጅ አማካይ ራሱ 15 ገደማ ነበር፣ ሊድ ያለበት ቤንዚን ባገሩ ሁሉ ይጨስ ነበርና። ያኔ 4.2 ያለው ልጅ ቢገኝ ጤነኛ ብለው ፎቶ ሳያነሱት አይቀሩም። በየአንዳንዱ ደረጃ ላይ አንዲት እናት "ኖርማል ነው" ተብላ ልጇን ይዛ ወጥታለች፣ 29 ይዛ የወጣች አለች፣ 24 ይዛ የወጣች አለች። እኔ 4.2 ይዤ የወጣሁት የሰልፉ መጨረሻ አካባቢ ነኝ።

መስመሩን ያወረዱት ሰዎች ምን አይተው ነው ላላችሁ፣ ከሁሉም የገረመኝ የጥርሱ ነገር ነው። ኸርበርት ኒድልማን የሚባል ሐኪም በ1970ዎቹ ቦስተን አካባቢ ካሉ ተማሪዎች የወለቀ የወተት ጥርስ ሰበሰበ፣ እኛ ጣራ ላይ የምንወረውረውን። ጥርስ ሊድ ያጠራቅማል። ጥርሳቸው ውስጥ ብዙ ሊድ የተገኘባቸው ልጆች፣ አንዳቸውም ታመው ሳይተኙ፣ በአይኪው ፈተና ዝቅ ብለው በክፍል ውስጥም ትኩረታቸው ሲበተን ተገኘ። 1979 ላይ ነው ያሳተመው። ኢንዱስትሪው ለዓመታት አሳደደው፣ በሳይንስ ማጭበርበር ተከስሶ ምርመራ ሁሉ ተደርጎበት ነጻ ወጣ።

## ኩሉ ወይስ መስኮቱ

የክንድ ደሙ ተቀድቶ 3.7 መጣ፣ ያው ከመስመሩ በላይ ነው። ናርሷ በስልክ ጥያቄዎች አነበበችልኝ። ቤቱ መቼ ተሠራ፣ አባቷ ኮንስትራክሽን ይሠራል ወይ (ኡበር ነው)፣ ከውጭ የመጣ ቅመም፣ የሸክላ ወይ የብረት ዕቃ፣ የዓይን ኩል። ኩል ስትል ዝም አልኩ።

አማቴ ለአራስ ጥየቃ ሲመጡ አንዲት ብልቃጥ ኩል ይዘው ነበር፣ ከነእንጨቷ፣ በጨርቅ ጠቅልለው። ለክርስትናዋ ቀን ዓይኗን ኳል አደረጓት፣ ፎቶው አለ፣ በጣም ነው የምታምረው። ኩል የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ከሊድ ድንጋይ ነው የሚፈጨው፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ አሜሪካ ውስጥ ጭራሽ አይፈቅደውም። ይሄን ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱ ደግሞ ማስተዛዘን የሚባል ነገር አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ "እማዬ ኩሉ ነው ልጅቷን የመረዛት" አላቸው። ምንም አልመለሱም። ትንሽ ቆይተው "እኔ ነኝ የመረዝኳት?" አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። እኔ አይ እማማ ማለት ነበረብኝ፣ አልኩም፣ ግን ቶሎ አላልኩም። በማግሥቱ ብልቃጧ የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ነበረች፣ ከነጨርቋ። የጋብቻቸው ቀን የተኳሉባት ብልቃጥ እንደነበረች በኋላ ነው ከባለቤቴ እህት የሰማሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለሙያ ቀጥረን ቤቱን አስፈተሽን። ቤታችን በ1941 የተሠራ ነው፣ በግንባታ ቀለም ውስጥ ሊድ አሜሪካ የከለከለችው በ1978 ስለሆነ ከዛ በፊት የተሠራ ቤት ሁሉ ይጠረጠራል። ሰውየው የሱፐርማርኬት ዋጋ መለጠፊያ የሚመስል ሽጉጥ ይዞ እየዞረ ግድግዳው ላይ ይደግናል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ይጽፋል። ከ1.0 በላይ ከሆነ የሊድ ቀለም ነው ማለት ነው። ግድግዳው ደህና፣ በሩ ደህና፣ ምድጃው አካባቢ ደህና። ሳሎኑ መስኮት ላይ ደገነ፣ የእንጨቱ ደፍ ላይ፣ አየና ድጋሚ ደገነ። ሰባት ምናምን። ከዛ ጎንበስ አለና በጣቱ አንድ ቦታ አሳየኝ። የደፉ ጠርዝ ላይ፣ ነጩ ቀለም ተልጦ እንጨቱ በሚታይበት፣ ትንንሽ የጥርስ ምልክቶች።

ያ መስኮት ወደ ጎዳናው ነው የሚያየው። ባለቤቴ ማታ ሲመጣ የመኪናው መብራት ከመታጠፊያው ይታያል፣ ልጆቼ ደፉን ይዘው ቆመው አገጫቸውን አስደግፈው የሚጠብቁት እዛ ነው። ሴቷ ገና መቆም እንደጀመረች እዛ ነው የቆመችው፣ ግን እሷ ያላት ሁለት ጥርስ ነበር ያኔ። ምልክቶቹ የሷ አይደሉም። ዕድሜውን ሙሉ እዛ መስኮት ላይ አባቱን የጠበቀው የመጀመሪያው ነው፣ ባለ 4.2ቱ።

ደፉ ባይነከስ እንኳን የድሮ የእንጨት መስኮት በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ቀለሙ እየተፋተገ አቧራ ያወርዳል፣ አቧራው ወለል ላይ፣ ወለሉ ላይ የሚድህ ልጅ እጁ ላይ፣ እጁ አፉ ውስጥ። የሊድ ቀለም ጣፋጭ ነውም ይባላል፣ ይሄን ባልሰማሁት ጥሩ ነበር። ባለቤቴ ወዲያው "ሳምንት እፍቀዋለሁ፣ ራሴ እቀባዋለሁ" ሲል ሰውየው እንደ እብድ ነው ያየው፣ በደረቁ መፋቅ ማለት መርዙን ቤቱ ሁሉ መበተን ነው። እና ለመኪና ብለን የያዝነው እቁብ ለመስኮት ሆነ። መጥረጊያው ቀርቶ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ገባ። ናርሷ ብረት፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ሲ አብዢላት፣ ሆዷ ባዶ ሲሆን ሊዱ የበለጠ ይሰርጋል ስትለኝ ለአማቴ ነገርኳቸው፣ ጎመንና ጤፍ እንጀራ በሎሚ አጅበው ለአንድ ወር ጠቀጠቋት፣ "እኔ ስል የነበረውን ነው ፈረንጅ ያለሽ" እያሉ። ስለ ኩሉ ይቅርታ የጠየቅኳቸው በዛ ወር ውስጥ ነው። "ተይው ልጄ" አሉኝ። ሁለተኛ አላነሳነውም።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ቤቱን ስንገዛ ክሎዚንግ ቀን ከሚፈረመው ከዛ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አንዱ ስለ ሊድ ነው፣ ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን እንዲናገር፣ ለገዢውም አንድ ቡክሌት እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል። ፊርማዬ አለበት። ቡክሌቱም የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ነበር፣ እንደታጠፈ።

## አራት ዓመት ይቆጠርልኝ

እስከዚህ ድረስ ራሴን ነበር የምወቅሰው። ከዛ የኮሚቴውን ታሪክ ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኩ፣ እና ንዴቴ ሌላ ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።

አሁን ያለው ኮሚቴ የመጀመሪያው አይደለም። ከሱ በፊት ሌላ ነበር፣ የሕጻናት ሊድ መመረዝ መከላከል አማካሪ ኮሚቴ የሚባል፣ ለዓመታት የሠራ። ፖለቲካም አልቀረለትም፣ በ2002 መስመሩ ከ10 ይውረድ አይውረድ የሚለው በሚነሳበት ሰዓት የሲዲሲ ባለሙያዎች ያጯቸውን ተመራማሪዎች ከበላይ ጥለው ከሊድ ኢንዱስትሪ ጋር የተነካኩ ሰዎች ሊያስገቡ ነው ተብሎ ኮንግረስ ውስጥ ተጮኸ፣ የኮንግረስ አባሉ ኤድ ማርኪ ሪፖርት ሁሉ አወጣበት። መስመሩም እስከ 2012 ድረስ 10 ላይ ቆመ። በ2012 ያው ኮሚቴ ወደ 5 ይውረድ አለ፣ እና አንድ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ጨመረበት። ቁጥሩ በየአራት ዓመቱ እየታየ ይስተካከል።

በየአራት ዓመቱ። 2012 ሲደመር አራት 2016 ነው።

በዛው በ2012 ኮንግረስ የሲዲሲን የሊድ ፕሮግራም በጀት ከ29 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ 2 ሚሊዮን ቆረጠው። በዓመቱ በ2013 ኮሚቴው ራሱ ተዘጋ። ስለዚህ 2016 ሲደርስ ቀጠሮው አለ፣ ቀጠሮውን የሰጡት የሉም። ከ2011 እስከ 2014 የተለኩት ልጆች ውጤት ላይ መስመሩ 3.5 አካባቢ እንደሚወድቅ ይታወቅ ነበር፣ በ2016 መጨረሻ ጋዜጣ ላይ ሁሉ ወጥቷል። ግን የጸደቀው 2021 ነው። የኔ ልጅ ጣት የተወጋው በዚህ መሀል ነው። አንድ ቀጠሮ ቢከበር ኖሮ፣ አንድ የኮሚቴ ቀጠሮ፣ ጃንዋሪ 2020 ላይ ስልክ ይደወልልኝ ነበር፣ መስኮቱ ሴቷ ሳትወለድ ይቀየር ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ለዚህ ነበር።

ኮሚቴውን ምን መለሰው? ፍሊንት። የሚሺጋኗ ፍሊንት በ2014 የውሃ ምንጯን ቀይራ የልጆቹ ደም ሲበላሽ፣ የሕጻናት ሐኪሟ ዶክተር ሞና ሃና አቲሻ ቁጥሩን ይዛ ስትወጣ፣ አገር ከተንጫጫ በኋላ፣ በ2016 ዲሴምበር የወጣው የውሃ ሕግ ውስጥ አዲስ አማካሪ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፍሊንትን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚሁ ደጃችን ዲሲ ውስጥ ከ2001 እስከ 2004 በቧንቧ ውሃ የሆነውን ግን ስንት ሐበሻ ያውቃል? አዳምስ ሞርጋን ሰፈር ብዙ ዘመዶቻችን የኖሩበት ሰዓት ነው። ውሃ ማከሚያው ኬሚካል ተቀይሮ የድሮ ቧንቧ ሊድ መልቀቅ ጀመረ፣ ሰው እየጠጣ። ያኔ የወጣው የሲዲሲ ሪፖርት ነገሩን አቅልሎ ማቅረቡ በኋላ በ2010 በኮንግረስ ተወቅሷል። ቁጥር አውጪዎቹም ሰዎች ናቸው ለማለት ነው።

በ2025 ኤፕሪል ደግሞ የሲዲሲ የሊድ ቡድን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበተ ሲባል ሰማሁ፣ ሚልዋኪ ትምህርት ቤቶቿ ውስጥ ሊድ ተገኝቶባት እርዱኝ ብትል ባለሙያ የለም ተባለች። ከወራት በኋላ የተጠሩ አሉ ተብሏል። እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም፣ አማቴ ፊት ስለ ፖለቲካ ማውራት ክልክል ነው። ብቻ ያን ዜና እያነበብኩ በጭንቅላቴ እቆጥር ነበር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ጣቱ የሚወጋው ልጅ ዛሬ የት ነው እያልኩ።

## ደም ይረሳል

ወንዱን በ2022 አስመረመርኩት። 1.6። ናርሷ ደስ አላት፣ እኔ ግን አንብቤ ነበር። ሊድ ደም ውስጥ ግማሹ በአንድ ወር አካባቢ ይወርዳል፣ ከፊሉ ከሰውነት ይወጣል፣ ከፊሉ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ሰውነት ካልሲየም መስሎት ያስቀምጠዋል፣ ለአስርት ዓመታት። ስለዚህ 1.6 የሚነግረኝ ያለፉትን ጥቂት ወራት ነው። ሁለት ዓመቱ ላይ መስኮቱን ሲነክስ የሆነውን አንዱም ምርመራ ተመልሶ አይነግረኝም። መድኃኒትስ ስል፣ ሊዱን አውጪው መድኃኒት የሚሰጠው 45 እና ከዛ በላይ ለሆነ ነው፣ ለኛ የሚሰጥ ነገር የለም።

አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። አስተማሪዋ ባለፈው ስብሰባ ላይ "በጣም ብሩህ ነው፣ ግን መቀመጥ ያስቸግረዋል" አለችኝ። ሌላ እናት ብሆን እስቃለሁ፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ ተቀምጦ የታየው የት ነው፣ አባቱም በልጅነቱ እንደዛ ነበር ይላሉ አማቴ፣ በአለንጋ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ ሆኜ የታየኝ ያ ነጭ የመስኮት ደፍ ነው። እሱ ይሁን፣ ልጅነቱ ይሁን፣ የአባቱ ደም ይሁን፣ የሚለየው ሰው የለም፣ አንድም ሐኪም አይለየውም። ጥናቱ ሁሉ የሚናገረው ስለ ሺህ ልጆች አማካይ ነው፣ እኔ ያለኝ አንድ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ስለ ራሴ አስባለሁ። አዲስ አበባ፣ መኪና ጭስ ዳር፣ ቤታችን አጠገብ አንድ ባትሪ የሚጠግን ሰው ነበር፣ ከሱ ደጅ ያለውን ከባድ ግራጫ ነገር እየለቀምን ክብደቱን እያደነቅን እንጫወት ነበር። ቤንዚኑም ሊድ ያለበት ነበር ያኔ። ኢትዮጵያም በቀለም ላይ በፈረንጆቹ 2018 ደንብ አውጥታ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ዘጠና እጅ) ላይ ገደብ ጥላለች፣ ያኔ ግን እኔ አድጌ እዚህ ነኝ። እኔ ስንት ነበርኩ? እናቴን ማንም አልደወለላትም፣ ጣቴን የወጋኝም የለም፣ ስለዚህ ቁጥርም የለኝም፣ ንዴትም የለኝም። የልጄ 4.2 የሚያናድደኝ ተለክቶ፣ ተጽፎ፣ በፊደል "ኖርማል" ተብሎ እጄ ላይ ስለተሰጠኝ ነው።

ኮሚቴው ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ አስተያየትም ይቀበላል። ለሱ ብዬ አንድ ኢሜይል መጻፍ ከጀመርኩ ቆየ፣ ድራፍት ውስጥ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ መስመሩ ሲወርድ ከበፊቱ በታችና ከአዲሱ በላይ ለነበሩት ልጆች፣ ከ3.5 እስከ 5 ባሉት መሀል ለወደቁት፣ ክሊኒኮች ወደ ኋላ ሄደው ስልክ እንዲደውሉ የሚል ነገር ለምን አብሮ አይወጣም? ኮምፒውተር ውስጥ አለ እኮ ቁጥሩ፣ መፈለግ ብቻ ነው። እጽፍና አጠፋዋለሁ፣ እንግሊዝኛው ስለሚያምርብኝ ወይ ስለማያምርብኝ አይደለም፣ ሁሌ መጨረሻው ላይ "ልጄ" የሚለው ጋ ስደርስ ነው።

ባለፈው እሁድ ያንን ኢሜይል ከፍቼ፣ ሁለቱንም ውጤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳለ መጣና ትከሻዬ ላይ ተደግፎ ማንበብ ጀመረ፣ አሁን እንግሊዝኛ አንባቢ ሆኗል፣ ምንም አይደበቀውም። እርሳሱን በአፉ ይዟል። "ይሄ የኔ ስም ነው። 4.2 ምንድነው?"

"ቤቢ እያለህ የተለካኸው ነው" አልኩት።

"የሷስ?"

"3.9።"

እርሳሱን ከአፉ አወጣ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አየ፣ እንደገና አየ፣ ከዛ እየሮጠ ሳሎን ሄደ። አዲሱ መስኮት ጋ አባቷን እየጠበቀች ነበር።

"በለጥኩሽ!" ሲላት ሰማሁት።